ቁልቁለቱን በጎማ፣ ዳገቱን በእግር

አባ ስጦታው ማረፋቸውን የነገሩኝ ልብስ ሰፊው ጋሽ ይማም ናቸው። ጠዋት ሱቄን ከፍቼ የፎቶ ኮፒ ማሽኑ ገና ሳይሞቅ፣ የመለኪያ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ገቡና አንዲት ፎቶግራፍ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። ጋሽ ይማም «እንዴት አደርሽ፣ ቤተሰቡስ፣ ብርዱስ» ሳይሉ ጉዳይ የማይጀምሩ ሰው ናቸው። ያን ዕለት ግን ምንም አላሉም። ክፉ ነገር መኖሩን ያወቅሁት ከዚያ ነው።

«አሳድገሽ አውጭልኝ፤ ለቀብሩ የምትያዝ ናት» አሉ።

ፎቶግራፏን አነሳኋት። አባ ስጦታው ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው ብስክሌት ላይ ተቀምጠዋል። አንደኛው እግራቸው መሬት ረግጧል፣ ሌላኛው ፔዳሉ ላይ ነው፤ ፎቶ አንሺውን ቶሎ በል የሚሉት ይመስላሉ። ሌላ ፎቶ የላቸው እንደሆነ ጠየቅሁ። ያለው የመታወቂያቸው ብቻ እንደሆነ፣ እሱም ላይ ተኮሳትረው ሌላ ሰው እንደሚመስሉ ጋሽ ይማም ነገሩኝ። ለቄስ ቀብር ብስክሌት ይዞ መውጣት የሚያምር አልመሰለኝምና ከወገባቸው በላይ ብቻ ቆርጬ ላውጣት ብዬ ጠየቅኋቸው።

ጋሽ ይማም መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ።

«እግራቸውን ልትቆርጭባቸው ነው?» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ለጊዜው ሥራ አልሠራንም። ማሽኑ ሞቆ እያጉረመረመ እኛ ተቀምጠን አለቀስን። ፎቶግራፏን ያወጣናት ግን ከነብስክሌቷ ነው።

እስኪ መንገዱን ላስተዋውቃችሁ። ሱቄ ያለው ንፋስ መውጫ ውስጥ፣ ከደብሩ በር ተነስቶ ወደ ታችኛው ሰፈር በሚወርደው መንገድ ወገብ ላይ ነው። ግማሹ ኮብልስቶን ነው፣ ግማሹ ደግሞ ኮብልስቶኑ ሳይደርስበት የቀረ ጭቃ። ነፋሱ የከተማዋን ስም ላስከብር ያለ ይመስል ስትወጡም ፊት ለፊት ነው፣ ስትወርዱም ፊት ለፊት ነው። ሰው እኔን ፎቶ ኮፒ ለማድረግ የምቀመጥ ይመስለዋል። እውነቱን ለመናገር ሥራዬ መንገድ ማየት ነው። ማን ፍርድ ቤት ተረትቶ እንደሚመለስ፣ ማን ፈተና እንዳለፈ፣ ማን ከሚስቱ ጋር እንደተኳረፈ ከአካሄዱ እለያለሁ። ይህን ስል ወሬኛ ነሽ የሚሉኝ አሉ፤ እነሱንም ከሩቅ ሲመጡ አውቃቸዋለሁ።

ከዚያ ሁሉ ተራማጅ መካከል እንደ አባ ስጦታው አካሄድ የማውቀው አልነበረም። የስማዳ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው ከወገዳ ወዲያ ካለው መንደራቸው በእግራቸው ተነስተው እዚሁ አገራችን እስካለው የድጓ ደብር፣ እስከ ቤተ ልሔም ሄደው ድጓ የተማሩ፣ ከዚያም ወዲህ ዕድሜያቸውን ሙሉ የተራመዱ ሰው ነበሩ። የታችኛው ሰፈር ሰው አብዛኛው የንስሐ ልጃቸው ነው። እናቴም እንደዚያው። እማዬ እዚያው ታች፣ አባቴ በሠራው ቤት ብቻዋን ትኖር ነበር፤ እኔ ጋ ነይ ብላት አሻፈረኝ አለች። ዓመታት አልፈው ስትታመም ደግሞ ሞትን ያን ያህል አትፈራም ነበር። የምትፈራው የንስሐ አባቷ ሳይደርሱላት መሞትን ነው። ይህን ደግሞ በየቀኑ ትነግረኝ ነበር።

ከደብሩ በር እስከ እናቴ ቤት ልጆች ኳስ እያባረሩ ሳያስቡት የሚደርሱበት መንገድ ነው። አባ ስጦታው ግን ጠዋት ተነስተው ወደ ቀትር ይደርሱ ነበር። ያየ ሁሉ መስቀል ይሳለማል፤ የተሳለመ ሁሉ ደግሞ ጉዳይ አለው። አንዱ ላሙ ጠፍታለች፣ አንዷ ልጇ አረብ አገር ሄዶ ድምፁ ጠፍቷል፣ ሌላው ወንድሙ ድንበር ገፍቶበታል። እሳቸው ግራ ጆሯቸውን ሰጥተው ይሰማሉ፤ የቀኙ ደከም ያለ ነበር። ሁሉንም እኩል ያሳልሙ ነበር ብል ግን ውሸት ነው። ሐዘን ያዩበትን ሰው መስቀሉን ግንባሩ ላይ ትንሽ ያቆዩታል። አባቴ የሞተ ሰሞን በእኔም ግንባር ላይ ቆይቷል፤ ቅዝቃዜው እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

እሳቸው ሲያልፉ ከተቀመጡበት መነሳት ደንብ ነው። እኔ በቀን ስንት ጊዜ እንደምነሳ አይቆጠርም። አንድ ቀን ወገቤን አመመኝ ብዬ ስነግራቸው፣ እኔ ባልመላለስ ኖሮ ይሄኔ አልጋ ላይ ነበርሽ አሉኝ። ለቀልድ ማንም አይቀድማቸውም ነበር።

ጉልበታቸውን ማመም የጀመራቸው ቀስ በቀስ ነው። ሐኪሙ መገጣጠሚያው እንደተበላ፣ ዳገት መውጣቱ ያን ያህል እንደማያሰጋ፣ ቁልቁለት መውረዱ ግን እየጎዳቸው እንደሆነ ነገራቸው። አባ ስጦታው ይህን ሱቄ ደጃፍ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሲያወሩ ይስቁ ነበር። «ውጣ እንጅ አትውረድ አለኝ፣ ልጀ። የወጣሁትን የት አባቴ ላድርገው?»

ለጊዜው ባጃጅ ነበረላቸው። ኋላ ነዳጅ ጠፍቶ ባጃጆቹ ማደያ በር ላይ ተሰልፈው የቆሙበት ክረምት መጣ። ከተማው በሙሉ በእግሩ ሆነ። ሠራተኛው በእግሩ፣ ነጋዴው በእግሩ፣ ታማሚውም በእግሩ። በዚያ ጊዜ በመንገዳችን ላይ ጎማ ላይ ሆነው የሚታዩት ጋሽ ይማም ብቻ ነበሩ። ጋሽ ይማም በወጣትነታቸው ባሕር ዳር ልብስ ሲሰፉ ብስክሌት ለምደዋል፤ ጨርቅ ጭነው፣ ደወሏን እያንቃጨሉ ቁልቁል ሲወርዱ አባ ስጦታው ከድንጋዩ ላይ ሆነው ያዩአቸዋል። ጉልበታቸው እየታጠፈ ሲዘረጋ፣ እግራቸው ግን መሬት ሳይመታ። አንድ ቀን ጠርተው አስቆሟቸው። ስትወርድ ጉልበትህ ላይ ክብደት ያርፋል ወይ ብለው ጠየቁ። ጋሽ ይማም ክብደቱን የምትሸከመው እሷ እንደሆነች መለሱ። ሁለቱም ብስክሌቷን ለረጅም ጊዜ አዩዋት።

ትምህርቱ የተጀመረው ገበያ በማይውልበት ቀን፣ የገበያው ሜዳ ላይ፣ ጎህ ሲቀድ ነው። ሰው እንዳያይ ተብሎ ነበር የተመረጠው። በሳምንቱ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ጋቢውን ተከናንቦ የገበያው አጥር ላይ ተቀምጦ ይጠብቃቸው ነበር። እኔም አልቀረሁም። ቄሱ መሪውን ጨብጠው፣ ሙስሊሙ ልብስ ሰፊ መቀመጫውን ከኋላ ይዘው እየሮጡ፣ አንዱ «በስመ አብ» ሲሉ አንዱ «ቢስሚላህ» እያሉ ሜዳውን ይዞሩታል። መጀመሪያ የወደቁት ቀሚሳቸው ካቴናው ውስጥ ገብቶ ነው። ጋሽ ይማም በነጋታው ቀሚሱን ወስደው የታችኛውን ጠርዝ ወደ ላይ ሰብስቦ የሚይዝ ቁልፍ ሰፉበት። ሲጋልቡ ይቆለፋል፣ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ይፈታል። እንደዚያ ያለ ቀሚስ በሌላ አገር ይኑር አይኑር አላውቅም።

መንዳት የቻሉበትን ቀን እሳቸው ሲያወሩት መስማት ነበር ደስታው። ጋሽ ይማም ከኋላ ይዘዋቸዋል ብለው ስለ ክር መወደድ እያወሯቸው ነበር አሉ። እያወሩ፣ እያወሩ፣ መልስ ጠፋ። ዞረው ሲያዩ ጋሽ ይማም ከሜዳው ወዲያ ጫፍ ወገባቸውን ይዘው ቆመዋል። ያኔ ወደቁ። «ይማም የለቀቀኝ ጊዜ አልወደቅሁም» ይሉ ነበር። «የወደቅሁት ዞሬ ሳየው ነው።» ይህን ለእኔም ብዙ ጊዜ ብለውኛል፤ ለሱቁ ሌላ ማሽን ልግዛ አልግዛ እያልኩ ስፈራ፣ ኋላም እህቴ ወደ ሌላ አገር ስትሄድ።

ጋሽ ይማም ባዋሷቸው ብስክሌት በመጀመሪያው ቀን ከደብሩ በር ቁልቁል ሲወርዱ መንገዱ ቀጥ አለ። ጥምጥማቸው ነጭ፣ ቀሚሳቸው ጉልበታቸው ላይ የተቆለፈ፣ ጋቢያቸውን ነፋሱ ወደ ኋላ ወስዶታል። ያኔ ነው ፎቶዋ የተነሳችው። ሱቄ ደጃፍ ላይ አንድ እግራቸውን መሬት አድርገው ቆሙና እናቴ እንዴት እንዳደረች ጠየቁኝ። ገና ጠዋት ነበር። እማዬ ያን ዕለት የንስሐ አባቷ ቁርስ ሳትበላ ስለደረሱባት ተደናግጣ ነገር ያለ መስሏት ነበር።

ችግሩ የመጣው ከመስቀሉ ነው። ሰው ቄስ አይቶ መስቀል ሳይሳለም ማለፍ አይሆንለትም፤ ቄሱ በጎማ ላይ ናቸው ብሎ የሚተውም የለም። እጁን ዘርግቶ መንገድ መሀል ይገባል። አባ ስጦታው ለእያንዳንዱ ሰው ከብስክሌቷ ሲወርዱ፣ ሲወጡ፣ በእግር ከመሄዱ ይበልጥ ጉልበታቸውን ሊጎዱት ሆነ። አንድ ሽማግሌ መሪውን ተንጠልጥለው ይዘው ሁለቱም ቦይ ውስጥ የገቡበት ቀንም ነበረ። በዚህ ጊዜ ነው አባ ስጦታው ሳይወርዱ ለማሳለም ዘዴ አገኘሁ ብለው የእጅ መስቀላቸውን በቀይ ጥብጣብ መሪው ላይ ያሰሩት። ቆም ይላሉ፣ ሰው ጎንበስ ብሎ ይሳለማል፣ ይሄዳሉ። እኔ ብልሃት መስሎኝ ነበር። ለካ ያ መስቀል የታሰረው ከደወሉ ጎን ነው። ዓይናቸው የደከመ አንዲት እናት ጎንበስ ብለው በሁለት በኩል ደህና አድርገው የተሳለሙት ደወሉን ሆኖ ተገኘ፤ አገጫቸው ነክቶትም ቅው አለ። በዚያን ጊዜ መንገዱ ላይ የነበረ ሁሉ ሳቀ። በሳምንቱ ደግሞ አባ ስጦታው ሳይክል ያሳልማሉ የሚል ወሬ ገበያው ሁሉ ደረሰ።

የሳቀው ሰው ብዙ ነው፣ ያልሳቁት የደብሩ አለቃ ናቸው። አለቃው ቁም ነገረኛና ደንብ አጥባቂ ሰው ናቸው፤ ክፉ ሰው ግን አይደሉም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ካህናቱ በተሰበሰቡበት አባ ስጦታውን አስቁመው መስቀል ብረት ላይ ታስሮ መዘባበቻ መሆኑን ተናገሩ። አባ ስጦታው ጥፋታቸውን አልካዱም። አለቃው ግን በዚያ አላበቁም። ብስክሌቷን እንዲተዉ፣ በእግራቸው መሄድ ካቃታቸውም የታችኛውን ሰፈር የንስሐ ልጆች ለወጣት ቄስ እንዲያስረክቡ፣ ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጡ ነገሯቸው። አባ ስጦታው ልጆቻቸውን መረጡ። በዚያው ቀን ብስክሌቷን እየገፉ ወስደው ለጋሽ ይማም መለሱላቸው። እሳቸውም ከስፌት መኪናቸው አጠገብ አስደግፈው አስቀመጧት፤ ራሳቸውም ከዚያ ወዲያ አልነዷትም።

እኔ በአለቃው ላይ እንዴት እንደተናደድኩ አልደብቅም። ሱቄ የገባውን ሰው ሁሉ በዚያ ነገር አሰለቸሁት። አባ ስጦታው ግን ደጋግመው ዝም በይ አሉኝ። በምርኩዝ መውረድ ጀመሩ። ክረምቱ ከብዶ ነበር፣ መንገዱ ያዳልጣል፣ እማዬም በዚያው ሰሞን ባሰባት። በየቀኑ የምትጠይቀኝ ስለ መድኃኒቷ አይደለም፤ አባ ስጦታው ዛሬ ይመጣሉ ወይ ነው።

አንድ ረቡዕ እሷ ጋ ሊወርዱ መጡና ሱቄ ደጃፍ ሲደርሱ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። እንደ ልማዳቸው ያርፋሉ ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ። ሲቆዩብኝ ወጣሁ። ምርኩዛቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቁልቁል ያያሉ።

«ወለተ ኪዳን» አሉኝ፤ በክርስትና ስሜ የሚጠሩኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ። «ዛሬ እዚህ ላይ አለቀ።»

ከድንጋዩ የእናቴ ቤት ቆርቆሮ ይታያል። እንደምንም ተነስተው ቆሙ፣ መስቀላቸውን አወጡ፣ ፊታቸውን ወደ ቆርቆሮው አዙረው ጸሎት አደረሱላትና ባረኳት። መንገደኛው ሁሉ ምን እንደሚባርኩ ሳያውቅ ከያለበት ቆሞ ጎንበስ አለ። ከዚያ ዞረው ዳገቱን መውጣት ጀመሩ። እኔ ያን ቀን ሱቄን ዘግቼ አለቀስኩ።

ማታ ለእማዬ እንዲህ አድርገው ባርከውሻል ብዬ በማሳመር ነገርኳት። ትራሷን አስተካክላ ስታበቃ «ታዲያ ንስሐየን ለቆርቆሮው ልንገረው?» አለችኝ።

ወሬው አለቃው ዘንድ ደረሰ። በሳምንቱ ቀሲስ መልካሙ የሚባሉትን ወጣት ቄስ አስከትለው እሳቸው ራሳቸው በእግራቸው ወረዱ። እኔም ተከተልኳቸው። ዝናብ ያባራበት ጠዋት ነበር፤ አለቃው ጭቃው ላይ ሲደርሱ የቀሲስ መልካሙን ትከሻ ይዘው ነው የወረዱት። እማዬ አለቃው ቤቷ መግባታቸው ታላቅ ክብር ሆነባትና ልትነሳ ሞከረች፤ ከለከሏት። ቀሲስ መልካሙ በቅርብ ያሉና እግራቸው የቀና መሆናቸውን፣ ከዛሬ ጀምሮ እሳቸው የንስሐ አባት ቢሆኗት እንደሚሻል አለቃው በለሰለሰ ቃል ነገሯት። እማዬ መስቀላቸውን ተሳልማ፣ ለቀሲስ መልካሙም ጎንበስ ብላ፣ ቤቷ በመምጣታቸው አመሰገነች።

«የንስሐ አባት አለኝ፣ አባታችን» አለች ቀጥላ። «ጉልበታቸው ነው እንጅ እሳቸው አልሞቱም። እስኪመጡ እጠብቃለሁ።»

አለቃው ባርከዋት ተነሱ። ሲመለሱ ዳገቱን እያረፉ ወጡ፤ ሱቄ ደጃፍ ሲደርሱ ያው የአባ ስጦታው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ውኃ ሰጠኋቸው። ጠጥተው ሲያበቁ አባ ስጦታው ይህን መንገድ በሳምንት ምን ያህል እንደሚመላለሱት ጠየቁኝ። ረቡዕና እሑድ እናቴ ጋ፣ በሌላው ቀን ሌሎቹ ጋ እንደሆነ ነገርኳቸው። ከዚያ አፌን መያዝ አቃተኝ።

«በበቅሎ ቢሆን ኖሮ ይከለክሏቸው ነበር፣ አባታችን?»

ቀሲስ መልካሙ ደንግጠው መሬት መሬት አዩ። አለቃው ቁልቁለቱን ተመለከቱ።

«በቅሎ የሚሳለም ሰው የለም፣ ልጀ» አሉ።

«እንግዲያው ጥፋቱ የደወሉ ነው» አልኳቸው። ቀሲስ መልካሙ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሊሸሽጉ ሞከሩ፤ አለቃው ግን ሳይሸሽጉ ሳቁ። እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም ነበር። በእሑዱ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በሰው ሁሉ ፊት የአባ ስጦታው መስቀል ከእጃቸው ወይም ከደረታቸው እንዳይለይ አዘዙ። እግራቸው እንዴት መሄድ እንዳለበት ግን ደብሩ እንደማያዝ ተናገሩ። ጋሽ ይማም ይህን ሲሰሙ የጀመሩትን ሱሪ አስቀምጠው የብስክሌቷን ጎማ በነፋስ ሞሉ።

አባ ስጦታው በበኩላቸው ለከተማው ሕግ አወጡ። «ስወርድ ለታመመ ነው የምወርደው፤ አታስቁሙኝ» አሉ። «ዳገቱን ግን በእግሬ ነው የምወጣው። ስወጣ የእናንተው ነኝ።» ሰዉ ሕጉን ከጠበቅሁት በላይ ቶሎ ለመደው። ደወሉ ቁልቁል ሲመጣ ከያለበት ቆሞ ጎንበስ ይላል፣ «ይፍቱኝ፣ አባ» ይላል፤ እሳቸው «ይፍታሽ፣ ይፍታህ» እያሉ በአጠገቡ ያልፋሉ። ሲመለሱ ብስክሌቷን እየገፉ ዳገቱን ሲጀምሩ ደግሞ መስቀል መሳለም የፈለገ፣ ጉዳይ ያለው፣ የከፋው ሁሉ መንገዱ ዳር ቆሞ ይጠብቃቸዋል። ብስክሌቷን ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው የሚገፋላቸው። የፍርድ ቤት ተከራካሪዎች፣ አንዱ መሪዋን ሌላው መቀመጫዋን ይዘው፣ መሀል እሳቸው ሆነው ሲወጡ አይቻለሁ። ከላይ ሲደርሱ ታርቀው ነበር ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ አልታረቁም፤ ግን ተነጋግረዋል።

ነዳጁ ከመጣ በኋላም ባጃጅ ውስጥ አልተመለሱም። ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ሰው አይታየኝም ይሉ ነበር።

እማዬ የሞተችው በመስከረም ነው። ጎረቤቷ ደውላ ቶሎ ድረሽ አለችኝ። ሱቁን እንደተከፈተ ትቼ ስወጣ አባ ስጦታው ዳገቱን ጨርሰው ከደብሩ በር ሊደርሱ ጥቂት ቀርቷቸው አየኋቸው። ገና ከታች መመለሳቸው ነበር። ጠራኋቸው፤ በነፋሱ ምን እንዳልኩ የሰሙ አይመስለኝም። ሁኔታዬን አይተው ነው የገባቸው። የቀሚሳቸውን ቁልፍ ቆልፈው ብስክሌቷን አዞሩ። በአጠገቤ ሲያልፉ አላዩኝም፤ ማንንም አላዩም። ደወላቸውን ሳያቋርጡ እየመቱ ነው የወረዱት። መንገዱ ገበያተኛ ሞልቶበት ነበር፤ አህዮች ሳይቀሩ ጥግ ተደረጉላቸው። እኔ ከኋላቸው እየሮጥኩ ያየሁት ያ የተከፈተ መንገድ ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። እንዲህ ያለ ነገር ሰው ለእናቴ አደረገላት።

ስደርስ ራስጌዋ ተቀምጠው ነበር። እማዬ አየችኝና «አላልሁሽም?» አለችኝ። «ገና ደወሉን ስሰማ አወቅሁ።» ከዚያ እኛን አስወጥታ የምትነግራቸውን ነገረቻቸው። ደጅ፣ ብስክሌቷ በተደገፈችበት ግድግዳ ስር ተቀመጥኩ። ሲወጡ መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አቆዩት። በማግስቱ እማዬ አረፈች። በእናቴ ሞት አለቅሳለሁ፤ በአሟሟቷ ግን አልቆጭም።

ከዚያ በኋላም አባ ስጦታው ዓመታት ነዱ። የንስሐ ልጆቻቸው ደወሉን ሲሰሙ አልጋቸው ላይ ቀና ማለት ለምደው ነበር። ያረፉት አሁን በጥር ነው፤ ሌሊት ቆመው አገልግለው፣ ጠዋት ጋደም ልበል እንዳሉ። የታችኛው ሰፈር ሰው ለቀብሩ በዳገቱ የወጣ ዕለት በመንገዱ ላይ አንድም ጎማ አልዞረም፤ የባጃጅ ልጆች ከታች አቁመው በእግራቸው ነው የመጡት። ፎቶግራፏን ከፊት ተሸክመዋታል። ከኋላ ጋሽ ይማም ብስክሌቷን እየገፉ፣ ሊያግዛቸው የቀረበውን ሁሉ እየከለከሉ ወጡ። ከደብሩ በር ሲደርሱ ከነብስክሌቷ ውጭ ቆሙ። ሁሉ ካለቀ በኋላ አለቃው ወደ እሳቸው ወጡ። ምርኩዝ ይዘዋል፤ እሳቸውም አርጅተዋል። የታችኛው ሰፈር የንስሐ ልጆች ለቀሲስ መልካሙ መሰጠታቸውን፣ ሰፈሩም ወደ ታች እየሰፋ መሄዱን ነገሯቸው።

«ሌላ ሰው ማስተማር ትችላለህ፣ ይማም?» አሏቸው።

ጋሽ ይማም መጀመሪያ የጠየቁት የቀሲስ መልካሙን የቀሚስ ልክ ነው።

የገበያው ሜዳ ጠዋት ጠዋት እንደገና ተመልካች አገኘ። ቀሲስ መልካሙ እግራቸው የቀና ነው፣ ልባቸው ግን ፈሪ ነው። ሜዳው ላይ ደህና ሆነው ቁልቁለቱን ሲያስቡት ላብ ይላቸዋል። ባለፈው ረቡዕ ታች ሰፈር አንዲት አሮጊት ታመው ላኩባቸው። ጋሽ ይማም ብስክሌቷን ከደብሩ በር አምጥተው ላይዋ አስቀመጧቸው። ቀሲስ መልካሙ ከኋላ ካልያዙኝ አልወርድም አሉ። ጋሽ ይማም በዚያ ዕድሜያቸው መቀመጫውን ይዘው፣ ቁና ቁና እየተነፈሱ፣ አብረው ይወርዱ ጀመር። እኔ ደወሉን ስሰማ ሳላስበው ከወንበሬ ተነስቼ ደጅ ቆሜያለሁ።

«አይልቀቁኝ፣ ጋሽ ይማም» ይላሉ ቀሲስ መልካሙ።

«ይዣለሁ፣ ይዣለሁ።»

ከሱቄ ደጃፍ ሲደርሱ ጋሽ ይማም ለቀቋቸው። ድንጋዩን ተደግፈው ቆሙ። ቀሲስ መልካሙ ግን ፍሬኑ እንደጠበቀባቸው፣ የአሮጊቷ በር የትኛው እንደሆነ፣ ሲመለሱ ዳገቱን አብረው እንደሚወጡ ለጋሽ ይማም እያወሩ ቁልቁል ቀጠሉ። ድምፃቸውን ነፋሱ ወደ እኛ ይመልሰዋል። ሰው ከያለበት ቆሞ ጎንበስ ይላል። አፌን ልከፍት ስል ጋሽ ይማም ክንዴን ያዙኝ።

ሁለታችንም የምንፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያኔ ሜዳው ላይ አባ ስጦታውን የጣላቸውን። የእናቴ ቤት ቆርቆሮ ጋ እስኪደርሱ ቆመን አየናቸው። አልዞሩም።